በጀይላን ደጅ የተጣለው እሾህ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዘይቱናን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ወዶ የሚጠጋት ግን ጥቂት ነበር። ልጅ ሳለች የያዛት ፈንጣጣ ፊቷን በሳስቶት ነው ያለፈው። መንገድ ላይ ፊት ለፊት የገጠማት ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። እሷ ለምዳዋለች፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብላ ሻሿን ገለጥ አድርጋ በሚደነግጠው ላይ ትስቃለች። ከማጀቴ የመጣ አንድ ነጋዴ አግቢኝ ብሏት ነበር ይባላል። ማታ ማታ ብቻ ነው የምታየኝ ወይስ ቀንም ብላ ጠየቀችው፤ ሰውየው መልሱን ሲያስብ ቆይቶ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። እውነት ይሁን ውሸት አላህ ይወቀው፤ ወሬው ግን እሷን እሷን ይሸታል።

በደህናው ጊዜ ጥጥ እየፈተለች ነው የምትኖረው። የይፋት ቆላ ጥጥ አያጣም፤ እጇም ቀጭን ፈትል ስለሚያወጣ ሸማኔው ሁሉ ይፈልጋት ነበር። ፈንጣጣ አገር ሲገባ ግን እንዝርቷን ግድግዳው ላይ ሰክታ ትወጣለች። አንዴ ይዞ የለቀቀውን ሰው ይህ በሽታ ዳግመኛ እንደማይነካው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የታመመ ቤት ገብታ ውሃ የምታጠጣ፣ ትኩሳት የምታበርድ፣ የሞተች ሴት ወይም ሕፃን ካለ የምታጥብ እሷ ነበረች። ያኔ ሰው ሁሉ «እናቴ፣ ድረሽልኝ» ይላታል። በሽታው ሲያልፍ ደግሞ ያው ዓይን ወደ መሬት ይመለሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይይዝ ነበር። ዘይቱና ግን ቂም ለመያዝ ጊዜ የለኝም ትል ነበር።

ሰፈሩ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የራሱ ደንብ ነበረው። ፈንጣጣ የገባበት ቤት የግራር እሾህ ቆርጦ በአጥሩ በር ላይ ይጥላል። እሾህ የተጣለበትን በር ማንም አያልፍም፤ ወንድምም ቢሆን፣ አማችም ቢሆን። ጎረቤት ምግቡን ከበሩ ወዲህ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ዞር ይላል። ዘይቱናም ብትሆን የምትገባው ቤተሰቡ በስሟ ሲጠራት ብቻ ነው። እሾሁን የሚያነሳውም የቤቱ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሳ ቤቱ ዳነ ማለት ነው፣ ማንም ይገባል። ደንቡ ብዙ ሰው አትርፏል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ጣልያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ግድም ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ሲሠራ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው በድንኳንና በዳስ ሰፍሮ ነበር። በሽታው የገባው ከዚያ ነው ተባለ። ሠራተኛ የታመመበትን ዳስ ጣልያኖቹ በእሳት ይለቁታል የሚል ወሬም አብሮ መጣ። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ቆሞ የጠየቀ የለም፤ የሰፈሩ ሰው ግን አፉን ዘጋ። እሾህ የተጣለበት ቤት እንዳለ ለባዕድ አይነገርም፣ እርስ በርስም ቢሆን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ስለ ታመመ ቤት መጠየቅ ራሱ ነውር ሆነ። አንድ በር ከተዘጋ በውስጡ ያለውን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነበር።

ጀይላን የሚባለው ሰው ቤቱ ከወንዙ መውረጃ አጠገብ ነው። ድሮ ጥጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ድምፁ ያማረ፣ መንዙማ ሲወጣ ሰው የሚጠራው ሰው ነበር። ባለፈው ክረምት ሚስቱን ሳፊያን ወባ ወሰደችበት። ሳፊያ ከዘይቱና ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ የምትፈትል፣ ፊቷን እያየች የምታወራት ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ልትሞት ስትል ዘይቱናን አስጠርታ ሁለት ልጆቿን አደራ አለቻት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ራህመትንና ገና ሦስት ዓመት ያልሞላውን ነጅሙዲንን። ዘይቱና አደራውን ስትቀበል ያን ያህል ከባድ መስሎ አልታያትም። አባት አላቸው ብላ ነው።

አባትየው ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ለመንገዱ ሥራ ተይዞ ሄደ፤ እዚያ ካፖ የሚሉት አለቃ በአለንጋ ያሠራዋል። ጀርባው ላይ የወረደውን አለንጋ ማታ ይዞት ቤቱ ይገባል። ከሠራተኛው ጋር ካቲካላ መጠጣትም ጀመረ፤ ሰፈሩ አውቆ እንዳላወቀ አለፈው። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ጎረቤቱ እመቤት አንድ ቀን ራህመትን ውሃ ስትቀዳ አገኘቻትና ክንዷ አብጦ፣ ጣቶቿን ማጠፍ አቅቷት አየች። ልጅቷ ወደቅሁ አለች። እመቤት አላመነችም። ዘይቱናን ጠራቻት፣ ሁለቱም ሆነው የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ ሳልህ ዘንድ ሄዱ፤ ሽማግሌም ተቀመጠ።

ጀይላን ፊታቸው ቀርቦ አልካደም። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ልጆቹ ማጀቴ ወዳለችው አክስታቸው እንዲሄዱ፣ የሚቀጥሉት ነጋዴዎች ሲወጡ አብረው እንዲላኩ ተስማማ። ሽማግሌዎቹም ሰው ጥፋቱን ሲያምን ደስ ስለሚላቸው መርቀውት ተለያዩ። በማግሥቱ ጠዋት በጀይላን የአጥር በር ላይ ትልቅ የግራር እሾህ ተጥሎ ተገኘ።

ሰፈሩ ደነገጠ፤ ከድንጋጤው ይልቅ ግን የበዛው ጸጸት ነበር። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው በነገር ስናስጨንቀው ይኸው ፈንጣጣ ጨመረበት አሉ። የአክስቲቱ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ጀይላን ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ይዞት የለቀቀው ሰው ነበር፤ በግንባሩ ላይ ሁለት ሦስት ጠባሳ አለው። ስለዚህ ከቤቱ ወጥቶ ሥራ ቢሄድ ማንም አልተጠራጠረውም፤ ቢቀር ደግሞ ጣልያኖቹ ፍለጋ ይመጡ ነበር። ዘይቱና ትግባልህ ወይ ሲሉት ለልጆቼስ እኔው አለሁ አላቸው። እነሱም አመሰገኑት። ከየቤቱ የተሻለው ምግብ እየተመረጠ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር፤ ወተት፣ ማር የተቀባ ቂጣ፣ አንዳንዴም ሥጋ።

ዘይቱና ሳትጠራ ቀረች። ሚስቱ በፈንጣጣ ወደተያዘችበት ወደ ሙሳ ቤት ስትመላለስ በጀይላን አጥር ጀርባ ታልፋለች፤ ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ ታዳምጣለች። የፈንጣጣ ቤት ጠረኑ አጥር አይከለክለውም፤ እዚህ ቤት ያ ጠረን የለም። የታመመ ልጅ በሌሊትም በቀንም ያቃስታል፤ እዚህ ቤት የሚሰማው ፀጥታ ነው። አንድ ቀን ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ጀይላን ድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ወተቱን ሲጨልጥ አየችው። ቂጣውንም በላ። ፍርፋሪውን ከሽርጡ ላይ አራግፎ ባዶ እጁን ገባ። ራበው ይሆናል አለች ለራሷ። ያን ማታ ግን የገዛ እራቷን ሳትጨርስ አነሣችው።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበር። የሙሳ ሚስት ሌሊቱን ሞታ ስለነበር ዘይቱና ሬሳዋን አጥባ፣ ገንዛ፣ ጠዋት በዚያው በለበሰችው ልብስ ወደ ወንዙ ስትወርድ ከአጥሩ ሥር እትዬ የሚል ድምፅ ሰማች። ቆመች። ከቅንጭብ አጥሩ ግንድ መሀል አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታለች፤ አጥንቷ ይቆጠራል።

«እትዬ ዘይቱና፣ አንቱ ነዎት?» አለች ራህመት።

ዘይቱና ደንቡ ትዝ ብሏት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ፊቷ ላይ ምን እንደወጣ ጠየቀቻት። ልጅቷ ምንም አልወጣም አለች። ነጅሙዲንስ ላይ? እሱም ላይ ምንም የለም፤ ግን አሁን አሁን አያለቅስም፣ ትናንት ውሃ ስታጠጣው በአፉ ዳር ፈሰሰ እንጂ አልዋጠውም። ምን ትበላላችሁ ስትላት አባባ የረሳ ዕለት ምንም አለች። ይህን ስትናገር ስሞታ የምታሰማ አትመስልም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር የምትናገረው።

«እሾሁን ማን ጣለው?»

«አባባ። እንዳይወስዱን ነው። ከወጣችሁ ጣልያን አይቷችሁ ከነነፍሳችሁ ያቃጥላችኋል ብሎናል።»

 የዘይቱና የመጀመሪያ ሐሳብ አጥሩን ጥሳ መግባት ነበር፤ እጇም ቅንጭቡን ይዞ ነበር። ወዲያው ግን ልብሷን አየችው። የሙሳ ሚስት መግልና ላብ ደርቆበታል። እሾሁ ውሸት ከሆነ እነዚህ ልጆች ፈንጣጣን አያውቁትም ማለት ነው፤ በዚህ አጥር ውስጥ በሽታ የለም፤ አሁን እሷ ብትገባ ግን ይዛላቸው ትገባለች። ቅንጭቡን ለቀቀችው። የነካችውን ቅርንጫፍ ሁሉ ቀንጥሳ ጣለችው። እንደ ደንቡ ልብሷን አቃጥላ፣ ወንዝ ታጥባ፣ ለብቻዋ በዳስ ጨረቃ እስክትሞላ ካልቆየች በስተቀር ጤነኛ ልጅ አትጠጋም። ነጅሙዲን ደግሞ ጨረቃ አይጠብቅም። በዕድሜዋ ሙሉ በር የሚከፍትላት ያ በሽታ አሁን በር ዘጋባት።

ሸህ ሳልህን መስጊዱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር አገኘቻቸው፤ እሷ ወደ ወንዙ ከሚወርደው ደረቅ ቦይ ማዶ ቆማ፣ እሳቸው ወዲህ ሆነው ተነጋገሩ። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሸህ ሳልህ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። ጀይላን ፊታቸው ያለቀሰውን ልቅሶ አልረሱትም። ትኩሳት ያለበት ልጅ ብዙ ነገር ይለፈልፋል አሏት። በቅንጭብ መሀል በወጣች እጅና በአንዲት ሕፃን ቃል ሰውን ውሸታም ማለት ከበዳቸው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ዛሬ አንዱን እሾህ ሰው ከጣሰው፣ ነገ እሾህ የሚያከብር አይኖርም። ያን ጊዜ በሽታው ይጨርሰናል። እሾሁን የሚያነሳው የቤቱ ሰው ነው። ማታ ሲገባ ጀይላንን ራሴ እጠይቀዋለሁ።»

ዘይቱና የሚሆነው ታያት። ማታ ከተጠየቀ ልጅቷ እንደተናገረች ያውቃል። ሸሁ ጠይቀውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሱ እሾሁን አልፎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያይም የሚሰማም የለም። አይጠይቁት ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ሰውን በሌለበት መክሰስ ሐራም ነው ብለው ተነሡ። ልጅቷን ላድን ብዬ ለአለንጋ አሳልፌ ሰጠኋት እያለች ወደ ወንዙ ተመለሰች።

መንገድ ላይ ግን የሸሁን ቃል ደጋግማ አሰበችው። እሾሁን የሚያነሳው የቤቱ ሰው ነው። ራህመትስ የማን ቤት ሰው ናት?

የጁምዓ ሶላት አልቆ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ዘይቱና ከጀይላን በር ትይዩ፣ ከቦዩ ማዶ ቆማ ነበር። ከኋላዋ የወንዙ ገደል ነው፤ ልብሷን ማንም እንዳይነካ ብላ የመረጠችው ቦታ ነበር። ሸህ ሳልህ ከሰዎቹ ጋር ሲደርሱ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ራህመት፣ ነዪ። እሾሁን አንሺው።»

 አንዱ ሴትዮዋ አበደች አለ። ሌላው ካሚዮን ቢያልፍና ጣልያን ቢያይስ ብሎ ወደ መንገዱ ዞር ዞር አለ። ሸሁ ምን እየሠራሽ ነው አሏት በቁጣ። እሷም የሰው እሾህ አልነካሁም፣ ቦዩንም አልተሻገርኩም፣ የቤቱን ሰው ነው የጠራሁት ብላ መለሰችላቸው።  በደንባቸው ላይ ምንም አላጎደለችም።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ የጎጆው በር ተንቀሳቀሰና ራህመት ብቅ አለች። ሰው በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። ፊቷ ላይ አንዲት የፈንጣጣ ምልክት የለችም። ያለው ሌላ ነው፤ ጉንጯ ላይ የአለንጋ ሰምበር፣ ከንፈሯ ላይ የደረቀ ደም፣ እንደ ቄጠማ የቀጠነ አንገት። ሰዉን ስታይ ወደ ኋላ ልትመለስ ነበር። ዘይቱና ጣልያን የለም፣ ማንም አያቃጥልሽም፣ ይሄ ሁሉ ሰው አንቺን ሊወስድ ነው የቆመው አለቻት። ይህን ስትል እንኳ እውነት መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም።

ልጅቷ እሾሁን ያዘችው። ግራሩ የትልቅ ሰው ሸክም ነው፤ ቅርንጫፉ ከአጥሩ ጋር ተጠላልፏል። ጎተተችው፣ አልነቃነቅ አለ። መዳፏ ደማ። እመቤት ነጠላዋን ነክሳ ታለቅሳለች፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ስትራመድ ባሏ ክንዷን ይዞ አስቀራት። ሲነሣ እንጂ ሳይነሣ አይታለፍም፤ ደንቡ ነው። አንድ መንደር ሙሉ ጤነኛ ሰው እጁን አጣጥፎ አንዲት የተራበች ልጅ እሾህ ስትጎትት ያያል። ራህመት ዞራ በጀርባዋ ገፋችው። ቀሚሷ ተቀደደ። እሾሁ ከበሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተጋደመ።

ቀድመው የገቡት ሸህ ሳልህ ናቸው። ጫማቸውን እንኳ በቅጡ አላደረጉም። ብዙም ሳይቆዩ ነጅሙዲንን በኩታቸው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ነፍሱ አለች አሉ፤ ከዚያ ማንን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ አላህ ይቅር ይበለኝ አሉ። ልጁን ለእመቤት ሰጥተው ወተት በጣት እያስላሰች እንድትሰጠው ነገሯት። ልጆቹ እሷ ዘንድ ሰንብተው ወደ ማጀቴ ይሄዳሉ፣ ማታ ጀይላን ሲመጣ በዚህ በር ላይ የሚያገኘው እኔን ነው ብለው በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገሩ። ሽማግሌዎቹም እኛም አለን አሉ። እመቤት ልጁን ታቅፋ አፉ ላይ ወተት ስታስነካ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

በዚህ መሀል ራህመትን ያያት አልነበረም። እሾሁ አጠገብ ቆማ የነበረችው ልጅ ዓይኗን ከዘይቱና ላይ አልነቀለችም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስሟን የጠራት ሰው እሷ ብቻ ነበረች። የደሙ እጆቿን ዘርግታ፣ እየተደናቀፈች፣ ወደ ቦዩ ሮጠች።

ዘይቱና አትምጪ አለቻት። ልጅቷ አልሰማችም። ዘይቱና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ተረከዟ የገደሉን አፋፍ ነካ፤ ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለም። ያዟት ብላ ጮኸች፤ ሰዉ ሁሉ ሕፃኑን ከቦ ነበርና ማንም ቶሎ አልደረሰም። ራህመት ቦዩን ወርዳ ስትወጣ ዘይቱና የምታየው በራሷ ልብስ ላይ የደረቀውን የሙሳን ሚስት መግል ነበር። እነዚያ የተዘረጉ እጆች በእሾህ ተቀደው ክፍት ቁስል ናቸው። የዘይቱናን ቀሚስ ቢጨብጡ በሽታው ይጋባባታል፣ ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆናል።

ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች።

ራህመት ቆመች። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ እጅ ሲነሣ ምን እንደሚከተል። አላለቀሰችም፣ ለምን አላለችም። ቀስ ብላ ቁጢጥ አለችና ሁለት ክንዶቿን አናቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

እመቤት ደርሳ እስክታነሣት ድረስ ዘይቱና ድንጋዩን አልጣለችውም። እንባዋ በዚያ በተበሳሳ ፊት ላይ መንገድ እያጣ ይወርድ ነበር፤ ልጅቷ ግን ይህን አላየችም። ፊቷን በእመቤት ነጠላ ውስጥ ቀብራ፣ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።